ያልተካሄዱ ግጥሚያዎች

ክርክሩ የተነሣው ካፌ ውስጥ፣ የራት ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለን ነው። አንድ የምሕንድስና ተማሪ ወዳጃችን፣ በዓለም ላይ አድልዎ የማያውቅ ሙያ ቢኖር ቦክስ ብቻ ነው ብሎ ድርቅ አለ። «ሁለት ሰው ይገባል፣ አንድ ሰው ይወድቃል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ወሬ አለው? ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ ሪከርዱን ገልጦ ማየት ነው» አለን። ከእኛ መካከል አንዱ የሳም ላንግፎርድን ስም ቢያነሣበት «ሻምፒዮን ነበር?» ሲል ጠየቀ። አልነበረም አልነው። «እንግዲያው ምን ብዬ አውቀዋለሁ!» ብሎ ትሪውን ይዞ ሄደ።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ትሪውን ይዞ ለሄደው ወዳጃችን የምንሰጠው መልስ ነው። ሪከርድ የሚባለው መጽሐፍ የተካሄደውን ግጥሚያ እንጂ ያልተካሄደውን አይመዘግብም። እንዳይካሄድ የተደረገውንማ ከነጭራሹ አያውቀውም። እኛ ደግሞ የታሪክ ተማሪዎች እንደመሆናችን፣ እንዳይሆን የተደረገ ነገር ታሪኩ እንዴት ይጻፋል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ሲነሣን ከርሟል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ለንጽጽር ያህል ሩጫን እናንሣ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮማ ላይ ማራቶን ሲሮጥ፣ ከእሱ በፊት ያሸነፈውን ሰው «እባክህ ከእኔ ጋር ሩጥ» ብሎ ደጅ መጥናት አላስፈለገውም። መነሻው ላይ ቆመ፣ ሮጠ፣ ቀደመ፣ አለቀ። ቦክስ እንዲህ አይደለም። በቦክስ ቀበቶው የሰው ንብረት ነው። ሻምፒዮን ለመሆን ሻምፒዮኑን መምታት ያስፈልጋል፤ ሻምፒዮኑን ለመምታት ደግሞ ሰውዬው ራሱ «እሺ እንጋጠም» ማለት አለበት። እሱ እሺ ቢል ማናጀሩ አለ። ማናጀሩ እሺ ቢል ገንዘቡን የሚያወጣው አዘጋጅ አለ። አዘጋጁ እሺ ቢል ፈቃድ የሚሰጠው ሹም አለ። ከእነዚህ አንዱ ፊቱን ካዞረ ቡጢህ ድንጋይ ቢሰብር ዋጋ የለውም። የሚገርመው ደግሞ፣ ቡጢህ ድንጋይ የሚሰብር ከሆነ እሺ የሚልህ ሰው ቁጥር ጭራሹን እየቀነሰ መሄዱ ነው። ደካማ ሆኖ መገፋት የትም ያለ ነገር ነው። ጎበዝ በመሆን መገፋት ግን ለብቻው ሊጠና ይገባዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው አሜሪካዊው ጆን ኤል ሱሊቫን ከጥቁር ጋር አልጋጠምም ብሎ በይፋ ተናግሮ ነበር። ለዚህ አሠራር ጊዜው ስም አውጥቶለታል፤ ‹የቀለም መስመር› ይሉታል። መስመሩ ከመለሳቸው አንዱ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች ተወልዶ በወጣትነቱ አውስትራሊያ የገባው ፒተር ጃክሰን ነው። ጃክሰን በ1891 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከጄምስ ኮርቤት ጋር 61 ዙር ተጋጥሞ፣ ሁለቱም ክንዳቸው ዝሎ መቆም ሲያቅታቸው ግጥሚያው ያለ ውጤት ተቋረጠ። በዓመቱ ኮርቤት ሱሊቫንን ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ። ጃክሰን በ1901 እዚያው አውስትራሊያ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ እንጂ ለቀበቶ የመጋጠም ዕድል አላገኘም። የእሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። እኛን ግን ዋናው ሰውዬ ይጠብቀናል።

ሳም ላንግፎርድ የተወለደው በ1880ዎቹ ካናዳ ውስጥ፣ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ዌይማውዝ ፎልስ በምትባል የጥቁሮች መንደር ነው። ገና በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ ቦስተን ገባ። ጆ ውድማን የሚባል ሰው የቦክስ ክበብ ነበረውና እዚያ ወለል ይጠርግ ጀመር። ከመጥረጊያው ወደ ጓንቲው የተሸጋገረው እዚያው ነው፤ ውድማንም ማናጀሩ ሆነ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ70 እምብዛም አያልፍም፤ ክንዱ ግን ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ነበር። ጋዜጦቹ ‹የቦስተን የሬንጅ ልጅ› የሚል የንቀት ስም ለጠፉበት። እንዲህ ነው፤ በር የተዘጋበት ሰው ስሙን እንኳ የሚያወጡለት ሌሎች ናቸው።

በታኅሣሥ 1903፣ ገና ጀማሪ ሳለ፣ የቀላል ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ጆ ጋንስን ቦስተን ላይ በ15 ዙር በነጥብ አሸነፈው። ሆኖም ግጥሚያው በቀላል ሚዛን ክብደት የተደረገ ስላልነበረ ቀበቶው አልተነካም። በሚቀጥለው ዓመት ከዌልተር ሚዛኑ ሻምፒዮን ከጆ ዋልኮት ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ ዳኛው እኩል ለእኩል አለ። ቀበቶው አሁንም ከባለቤቱ ጋር ቀረ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁለቱም ሻምፒዮኖች ጥቁሮች ነበሩ። በትናንሾቹ ሚዛኖች በሩ ቀዳዳ ቢጤ ነበረው። ግጥም ብሎ የተዘጋው የከባድ ሚዛኑ በር ነው፤ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ማለት በዚያ ዘመን አስተሳሰብ የዓለም ወንድ ሁሉ አውራ ማለት ነበርና።

በሚያዝያ 1906 ቼልሲ በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ላንግፎርድ ከጃክ ጆንሰን ጋር ገጠመ። ላንግፎርድ 71 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ጆንሰን 84 ኪሎ ነበር። ጆንሰን በ15 ዙር በነጥብ አሸነፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለእውነት ስንል እንናገር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ላንግፎርድ በዚያች ምሽት ጆንሰንን ጥሎት ነበር እየተባለ ተወራ። ወሬውን ያሰራጨው ማናጀሩ ውድማን ነው። የዘመኑ ጋዜጦች ግን የወደቀው ላንግፎርድ መሆኑን ነው የሚመሰክሩት። የምንወደው ወገን ሲዋሽ ዝም ካልን፣ የማንወደውን ወገን ውሸት ለማጋለጥ ምን አፍ ይኖረናል? ላንግፎርድ ያን ጊዜ ተሸንፏል። ጥያቄው ሌላ ነው። ላንግፎርድ ከዚያ በኋላ ክብደትም ጥበብም ጨመረ፤ ታዲያ ለምን ሁለተኛ አልተጋጠሙም?

የላንግፎርድን ችሎታ የሚያሳዩ ተረት መሰል ወሬዎች ብዙ ናቸው። አንደኛዋን ሳንጠቅስ ማለፍ አልሆነልንም። የአንዱ ዙር ደወል ሲደወል ላንግፎርድ እጁን ዘርግቶ የተጋጣሚውን ጓንቲ ሊጨብጥ ሄደ ይባላል። በደንቡ እንዲህ የሚደረገው በመጨረሻው ዙር ላይ ነውና ሰውዬው ግራ ገብቶት ገና መች አለቀ ቢለው፣ ላንግፎርድ ለአንተ አልቋል ብሎ መለሰለት፤ ወዲያው በዝረራ ጣለው። እውነት ይሁን አይሁን፣ እንዲህ ያለ ወሬ ለደካማ ሰው አይፈጠርለትም።

ጃክ ጆንሰን ራሱ ምን ያህል እንደተንከራተተ የሚታወቅ ነው። ጄምስ ጄፍሪስ የተባለው ነጭ ሻምፒዮን ከእሱ ጋር ከመጋጠም በ1905 ሳይሸነፍ ጓንቲውን ሰቀለ። ጆንሰን ቀጥሎ ሻምፒዮን የሆነውን ቶሚ በርንስን ከአገር አገር ተከተለው። በመጨረሻ አንድ አውስትራሊያዊ ነጋዴ ለበርንስ 30,000 ዶላር አስቆጠረለት። ለጆንሰን የደረሰው 5,000 ነው። በታኅሣሥ 26 ቀን 1908 ሲድኒ ላይ ጆንሰን በርንስን እንዳልነበር አድርጎ ደብድቦ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በ1910 ጡረታ የወጣው ጄፍሪስ «የነጭን ክብር እንዲመልስ» ተለምኖ ቢመጣ ሬኖ ላይ እሱንም ጣለው፤ በዚያች ሌሊት በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ጥቁሮች ተደበደቡ፣ የሞቱም አሉ። በ1912 ምክር ቤቱ የቦክስ ፊልም ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት እንዳይዘዋወር ሕግ አወጣ። አንድ ጥቁር አንድ ነጭ ሲጥል እንዳይታይ ማለት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለሁላችንም ደስ የሚል ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ያንቃል። ጆንሰን ቀበቶውን ከ6 ዓመት በላይ ሲይዝ ለላንግፎርድ ዕድል አልሰጠም። ለጆ ጃኔትም አልሰጠም፤ ለሳም ማክቪም አልሰጠም። ሦስቱም ጥቁሮች፣ ሦስቱም በዘመኑ ከነበሩት ነጭ ተፎካካሪዎች የሚበልጡ ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቀበቶውን ለመከላከል ከአንድ ጥቁር ጋር ብቻ ነው የተጋጠመው፤ ያም በ1913 ፓሪስ ላይ ባትሊንግ ጂም ጆንሰን ከተባለው፣ ከሦስቱ ጋር ስሙ ከማይነሣ ሰው ጋር ነው። እሱም እኩል ለእኩል ወጣ።

ምክንያቱን ሲጠየቅ ከሰጣቸው መልሶች አንዱ፣ ሁለት ጥቁሮች ሲጋጠሙ ለማየት ገንዘብ የሚከፍል የለም የሚል ነው። እውነት አለበት። ነጭ ተመልካች ገንዘቡን የሚያወጣው ጆንሰን ሲወድቅ ለማየት ነበር፤ የሚጥለው ሌላ ጥቁር ከሆነ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ጉዳይ እኛ ራሳችን አልተስማማንም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ጆንሰን ነጋዴ ነበር፣ ነጋዴ ደግሞ ገበያውን ያያል፤ አገር ሙሉ ሊያስረው ሲያሳድደው ማን ስለ ፍትሕ ይጠይቀዋል ይላሉ። ሌሎቻችን ደግሞ፣ በዚያ በር ላይ ከማንም በላይ የቆመ እሱ ነው፤ መዝጊያው ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው ከገባ በኋላ መልሶ ሲዘጋው ኃጢአቱ እጥፍ ነው እንላለን። ይህ ጽሑፍ በጋራ የተጻፈ ስለሆነ ሁለቱንም አስቀምጠናል። ለማንኛውም ጆንሰን በ1915 ሀቫና ላይ በጄስ ዊላርድ ተሸነፈ። ዊላርድም ከጥቁር ጋር አልጋጠምም አለ። ላንግፎርድ በነጭም በጥቁርም ተዘጋበት ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን ይብሉ? እርስ በርስ ተደባደቡ። ወዳጃችን ከፍ አድርጎ የሚያየው የሪከርድ መጽሐፍ ምሥጢር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ላንግፎርድ ከሃሪ ዊልስ ጋር ብቻ 17 ጊዜ ያህል ተጋጥሟል። ከጃኔት ጋርና ከማክቪ ጋር ከ10 ጊዜ በላይ። ጃኔትና ማክቪ ሁለቱ በሚያዝያ 1909 ፓሪስ ላይ ባደረጉት ግጥሚያ ጃኔት 27 ጊዜ ወድቆ 27 ጊዜ ተነሣ፤ ከ49 ዙር በኋላ ማክቪ ለሃምሳኛው መነሣት ስላቃተው ጃኔት አሸነፈ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለዓለም ቀበቶ አይደለም። ለዕለት እንጀራ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን አስሉት። አራት ጎበዞችን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፈህ ለ10 ዓመት እርስ በርስ ብታጋጥማቸው፣ አንዱ አንዱን እያሸነፈ፣ ሁሉም ብዙ ሽንፈት ይሰበስባሉ። ከዚያ የነጩ ሻምፒዮን ማናጀር መጽሐፉን ገልጦ «ይኼ ሰውዬ እኮ ይህን ያህል ጊዜ ተሸንፏል፣ ምን ብዬ ከእሱ ጋር አጋጥማለሁ?» ይላል። ሽንፈቱን የፈጠረው መዝጊያው ነው፤ መዝጊያውን የሚያጸድቀው ደግሞ ሽንፈቱ ነው። መጽሐፉ ቁጥር አይዋሽም፤ ግን ማን ቁጥሩን እንዳስቆጠረው አይነግርህም።

ከነጮቹም ጋር ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1910 ፊላዴልፊያ ላይ ላንግፎርድ ከመካከለኛ ሚዛኑ ሻምፒዮን ከስታንሊ ኬቸል ጋር 6 ዙር ተጋጠመ። ላንግፎርድ በዚያች ምሽት ሙሉ ኃይሉን አልተጠቀመም፣ ረጅምና ብዙ ገንዘብ ያለው ሁለተኛ ግጥሚያ እንዳይበላሽበት ራሱን ይዞ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። ኬቸል በዚያው ዓመት በጥይት ተገደለና ሁለተኛው ግጥሚያ ሕልም ሆኖ ቀረ። አስቡት፣ ሰው እንዳይፈሩት ብሎ ቡጢውን ሲያለዝብ! በ1917 ከፍሬድ ፉልተን ጋር ሲጋጠም አንድ ዓይኑ ክፉኛ ተጎዳ። ዓይኑ እየጠፋም ቢሆን መጋጠሙን አላቆመም። በ1923 ሜክሲኮ ውስጥ የዚያን አገር የከባድ ሚዛን ማዕረግ ሲወስድ ማየት ይሳነው ነበር ማለት ይቻላል። ተጋጣሚውን የሚያገኘው በእጁ ዳብሶ፣ ተጠግቶ ነው።

የሃሪ ዊልስ ነገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የላንግፎርድ ታሪክ የዝምታ ታሪክ ነው ካልን፣ የዊልስ የወረቀት ታሪክ ነው። የኒው ኦርሊንስ ሰው ነው፤ የወደብ ጫኝና አውራጅ ነበር። ረጅም፣ ግዙፍና ጨዋ። ጃክ ዴምፕሲ በ1919 ዊላርድን ጥሎ ሻምፒዮን ከሆነ ጀምሮ ቀዳሚው ተፈላሚ ዊልስ መሆኑን ሕዝቡም ጋዜጣውም ያውቃል። በ1922 ውል ተፈረመ፤ ቀንና ቦታ ግን አልነበረውም። የኒው ዮርክ የቦክስ ኮሚሽን ዴምፕሲ ከዊልስ ጋር ይጋጠም ብሎ ወሰነ፤ ትልቁ አዘጋጅ ቴክስ ሪካርድ ግን ባለሥልጣኖቹ አይፈልጉም እያለ ነገሩን ያጓትት ነበር። ሪካርድ ማለት በ1910 የሬኖውን ግጥሚያ ያዘጋጀና ራሱ የዳኘ፣ ያ ግጥሚያ ያስከተለውን ደም ያየ ሰው ነው። ፍርሃቱ ከልብ ነው ወይስ ሰበብ? ምናልባት ሁለቱም። በ1924 ትኬቱ ሳይቀር ታትሞ ነበር። ላልተካሄደ ግጥሚያ የታተመ ትኬት! ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ የታሪክ ሰነድ የለም።

በ1925 ሌላ አዘጋጅ ብቅ አለ፤ ሁለቱም ፈረሙ። ዊልስ ቅድሚያ 50,000 ዶላር ተቀበለ። ዴምፕሲ ደግሞ በቅድሚያ 125,000 ሊከፈለው ነበር፤ አዘጋጁ 25,000 የሚል ቼክ ሰጥቶ ቀሪው ይደርሳል አለው። ወደ ባንክ ስልክ ቢደወል መቶ ሺው ቀርቶ ሃያ አምስት ሺውም የለም፤ ደረቅ ቼክ! ዴምፕሲ ቼኩን ወርውሮለት ሄደ፤ ነገሩ እዚያው ሞተ። በ1926 ዴምፕሲ የተጋጠመው ከጂን ተኒ ጋር ነው። ኒው ዮርክ ፈቃድ ስለከለከለ ግጥሚያው ወደ ፊላዴልፊያ ተወሰደ፤ በነጥብ ተሸንፎ ቀበቶውን አጣ። ዊልስ በዚያው ሰሞን ዕድሜው ገፍቶ በጃክ ሻርኪ ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ የጠየቀው የለም። በገንዘብ በኩል ግን ብልህ ነበር፤ ሃርለም ውስጥ ቤት ገዝቶ እያከራየ በሰላም ኖሮ በ1958 አረፈ። በየዓመቱ ለአንድ ወር ያህል ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምስ እንደሚጾም የታወቀ ነው። የእኛ አገር እናቶች ቢሰሙ ቦክሰኛ ሳይሆን መነኩሴ ነው ባሉት!

ዴምፕሲን በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። በ1977 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ፣ ማንንም አልፈራም ነበር የሚባልልኝ ውሸት ነው፣ አንድ የምፈራው ሰው ነበር፣ እሱም ሳም ላንግፎርድ ነው ሲል አምኗል። ከዕድሜ ልክ በኋላ የመጣ ቢሆንም እምነት ክህደት ነው፤ መዝገብ ላይ ሊገባ ይገባል።

ከጆንሰን ሽንፈት ጀምሮ እስከ 1937 ድረስ፣ 22 ዓመት ሙሉ፣ አንድም ጥቁር ለከባድ ሚዛን ቀበቶ እንዲጋጠም አልተፈቀደለትም። የፈታው ጆ ሉዊስ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ አገራችን ጠጋ ይላል። ሉዊስ ገና ሻምፒዮን ሳይሆን፣ በሰኔ 25 ቀን 1935 ኒው ዮርክ ላይ ከኢጣሊያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ሙሶሊኒ በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን ያከማች ነበር። የአሜሪካ ጋዜጦች ካርኔራን ኢጣሊያ፣ ሉዊስን ኢትዮጵያ አድርገው ሣሉ። ካርኔራ 118 ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ ሰው ሲሆን ሉዊስ 89 ኪሎ ገደማ ነበር። በ6ኛው ዙር ካርኔራ ደጋግሞ ወድቆ ዳኛው አስቆመው፤ ሃርለም በእልልታ ተሞላች። በጥቅምት ወር ጦርነቱ ተጀመረ፤ የእኛዎቹ የተጋጠሙት ግን ደወልም ዳኛም በሌለበት ነው።

የካርኔራንም ነገር ብንረሳ ግፍ ይሆንብናል። ይህ ሰው በ1933 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ወንበዴዎች እጁን ይዘውት ነው፤ ብዙዎቹ ተጋጣሚዎቹ ተከፍሏቸው ወይ ተዝቶባቸው ይወድቁለት ነበር። በኋላ የሠራውን ገንዘብ እነዚያው ወንበዴዎች ዘረፉት። ያን ጊዜ ላንግፎርድ ዓይኑ ጠፍቶ ይኖር ነበር። ቦክስ መጫወት የማይችለው ቀበቶ ታጠቀ፣ የሚችለው አልታጠቀም። ይኼ ነው እንግዲህ አድልዎ የማያውቀው ሙያ።

የጆ ሉዊስ መምጣት በሩን የከፈተው ለአንድ ሰው እንጂ ለሁሉም አልነበረም። በ1940ዎቹ በመካከለኛዎቹ ሚዛኖች አንድ ሙሉ ጭፍራ ጥቁር ቦክሰኛ ነበር፤ ሆልማን ዊሊያምስ፣ ሎይድ ማርሻል፣ ጃክ ቼስ፣ ኤዲ ቡከር፣ ኮኮዋ ኪድ። በኋላ ጸሐፊዎች ‹የገዳዮቹ ረድፍ› የሚል ስም አወጡላቸው። አንዳቸውም ለዓለም ቀበቶ አልተጋጠሙም። የላንግፎርድ ዘመን ድራማ እንደገና ታየ፤ እርስ በርስ፣ ደጋግሞ፣ ለፍርፋሪ። የቀለም መስመሩ ሲሳሳ በቦታው የመጣው ወንበዴው ነው። ፍራንኪ ካርቦ የሚባለው ሰው ከጀርባ ሆኖ ቦክሰኞችን እንደ ከብት ይነዳ ነበር፤ በ1961 ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። ያን ጊዜ ግን ሰዎቹ ሁሉ አርጅተዋል።

ከጭፍራው የሚበልጠው ቻርሊ በርሊ ነው። በ1917 ፒትስበርግ አጠገብ ተወለደ፤ አባቱ ጥቁር የማዕድን ሠራተኛ፣ እናቱ ነጭ። በ1936 ወጣቱ በርሊ የሂትለርን የበርሊን ኦሊምፒክ በመቃወም ባርሴሎና ላይ ሊደረግ ለታሰበው የሕዝብ ኦሊምፒያድ ከተላኩት አሜሪካውያን አንዱ ነበር። እዚያ እንደደረሱ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳና ውድድሩ ሳይጀመር ቀረ። የዚህ ሰው ሕይወት የተጀመረውም ባልተካሄደ ግጥሚያ ነው።

በርሊ የአገሩን ልጅ ፍሪትዚ ዚቪክን ከሦስት ጊዜ ሁለቱን አሸነፈው። ዚቪክ በ1940 ሻምፒዮን ሲሆን ለበርሊ ዕድል አልሰጠም። ታላቁ ሹገር ሬይ ሮቢንሰንም ከእሱ ጋር አልተጋጠመም። በርሊ በጦርነቱ ጊዜ በአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በሚያዝያ 1944 ሆሊውድ ላይ በአጭር ማስታወቂያ ተጠርቶ ከአርቺ ሙር ጋር ተጋጠመ፤ ደጋግሞ ጥሎት በነጥብ አሸነፈ። ሙር ዕድሜ ልኩን ከተጋጠምኳቸው ሁሉ የሚበልጠው በርሊ ነው ሲል ኖሯል። በ98 ያህል ግጥሚያ ውስጥ በርሊን በዝረራ ያስቀረው ሰው የለም። በ1950 አቆመ። የፒትስበርግ ማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ አንሺ አድርጎ ቀጠረው፤ እስከ ጡረታው ድረስ የከተማውን ቆሻሻ ሲያነሣ ኖረ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ልጅ ያድግ ነበር፤ ኦገስት ዊልሰን ይባላል። ዊልሰን በኋላ ታላቅ ጸሐፌ ተውኔት ሆኖ፣ በ1987 የፑሊትዘር ሽልማት ያስገኘለትን ተውኔት ሲጽፍ፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ መነሻ የሆነው ጎረቤቱ በርሊ ነው። ገጸ ባሕርዩ በወጣትነቱ ታላቅ ስፖርተኛ የነበረ፣ አሁን ግን ቆሻሻ አንሺ የሆነ ሰው ነው። ስፖርቱን ወደ ቤዝቦል ለውጦታል። ሪከርዱ ያልያዘውን መድረክ ያዘው።

ከእነዚያ ሰዎች ለቀበቶ የበቃው አርቺ ሙር ነው፤ ያውም በ17 ዓመቱ። በታኅሣሥ 1952፣ ዕድሜው ከ36 ባላነሰበት ጊዜ፣ ጆይ ማክሲምን አሸንፎ የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ለማክሲም 100,000 ዶላር ዋስትና ሲሰጥ የሙር ድርሻ 800 ዶላር ነበር። የማክሲም ማናጀር የድሮው የዴምፕሲ ማናጀር ጃክ ኪርንስ ነው፤ ወዲያውም የሙርም ማናጀር ሆኖ ቀረበ። ሰው ያልፋል፣ በረኛው አይለወጥም።

ላንግፎርድን ሃርለም ውስጥ ያገኘው አል ሌኒ የሚባል የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ነው፤ በ1944፣ በርሊ ሙርን ባሸነፈበት ዓመት። ሌኒ ሲያጠያይቅ ያገኛቸው ሰዎች ላንግፎርድ ሞቷል አሉት። ደጋግመው አሉት። በመጨረሻ በአንዲት ጨለማ ክፍል ውስጥ ዕውርና ድኻ ሆኖ ተቀምጦ አገኘው። ጽሑፉ ሲወጣ ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ቋሚ መተዳደሪያ አደረገለት። በ1955 ሻምፒዮን ሳይሆን የቦክስ ዝነኞች መዝገብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በጥር 1956 ማሳቹሴትስ ውስጥ አረፈ። በ2020 ከዓለም የቦክስ ድርጅቶች አንዱ የክብር ሻምፒዮን ብሎ ሰይሞታል፤ ከሞተ 64 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሽማግሌው ላንግፎርድ ግን እንዲታዘንለት አልፈለገም። ለጠያቂዎቹ ሲናገር፣ ለእሱ ማንም ማዘን እንደማያስፈልገው፣ ዓለምን እንደዞረ፣ በመቶ የሚቆጠር ግጥሚያ እንዳደረገና እያንዳንዱም ደስታው እንደነበር ነው የገለጸው። ይህን ለምሕንድስናው ወዳጃችን ብናነብለት ጥቂት ዝም ብሎ፣ «በ1909 ከጆንሰን ጋር ቢጋጠሙ ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር?» ሲል ጠየቀን። ግማሾቻችን ላንግፎርድ አልን፣ ግማሾቻችን ጆንሰን አልን፤ የዶርሙ መብራት እስኪጠፋ ተጨቃጨቅን።